«እናቴ፣ አለርት ይሻልዎታል»፦ የአንድ ሆስፒታልና የአንድ ሰፈር ጉዳይ

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል።» ይህን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንተርተው ስለ ሥጋ ደዌ ለማውራት አይደለም፤ ልኩን ያላወቀን ሰው ለመገሠጽ ነው። ግን ቃሉን ቀስ ብላችሁ ስሙት። አንድ ሰው ከገበታ እንዴት እንደሚነሣ ነው የሚነግረን። መጀመሪያ ስም ይወጣለታል፤ ከዚያ እጁን ከሳህኑ ያነሣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤታችንን እማማን ይዤ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ግፊት ሳይሆን አይቀርም ብለናል። ካርድ ክፍል ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ እማማ መታወቂያቸውን በሁለት መዳፋቸው መሀል አጣብቀው በመስኮቱ አስገቡ። ጣቶቻቸው ግማሽ ግማሽ ናቸው። ልጅቷ መታወቂያውን አላየችም። ያየችው እጃቸውን ነው።

«እናቴ፣ እርስዎ አለርት ይሻልዎታል።»

«ልጄ፣ ከሱ ከዳንኩ 30 ዓመት አለፈኝ። የመጣሁት ራሴን አዙሮኝ ነው።»

«ገብቶኛል እናቴ። እዚያ ስለሚያውቁት ብዬ ነው።»

ክፉ ልጅ አይደለችም። ድምጿም ለስላሳ ነበር። ከኋላችን ተጠግተው የነበሩት ሰዎች ግን በመሀላችን ክፍተት ተዉ። እማማ ካርድ ሳያወጡ ተመለሱ። ሚኒባስ ይዘን ወደ ሥጋ ደዌው ሆስፒታል፣ ወደ አለርት ሄድን። እዚያ ግፊታቸውን ለመለካት የፈጀው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይህን ጉዳይ መከታተል የጀመርኩት። ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ግፊት ለመለካት ለምን አንድ ሆስፒታል ብቻ?

ሰፈሩ እንዴት ተቆረቆረ

አለርት ያለበት ሰፈር ዘነበወርቅ ይባላል። ዘነበወርቅ በወጣትነቷ ያረፈች የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት። በ1930ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በስሟ ተጠራ። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን ነው የምጽፈው። ሕጎቹ ላይ ስንደርስ ወደራሳችን እመለሳለሁ።) ያኔ ቦታው ከከተማ ውጪ ነበር። ሐሳቡም ይኸው ነው፤ ሕሙማኑ ይታከሙ፣ ግን ራቅ ብለው። ዛሬ አዲስ አበባ ሰፍታ፣ ከብባው፣ አልፋው ሄዳለች። የታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! አየር ጤና!» እያለ ሲጮህ የልዕልቲቱን ስም እየጠራ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ልማዱ ከዚያም ይቀድማል። በሐረር የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1901 የሥጋ ደዌ ማቆያ ከፍተው ነበር። ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው ቢሲዲሞ ደግሞ በ1958 ተቋቋመ። ለጀርመኑ የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነው። በየቦታው ሐሳቡ አንድ ነው፤ ለብቻ የሆነ ግቢ።

አለርት የተመሠረተው በታኅሣሥ 1965 በዚሁ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ላይ ነው። የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌና የተሃድሶ ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ። በሕንድ ቬሎር ጅማት እያዛወረ የተጣመመ እጅ የሚያቃናው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በውጥኑ እጁ ነበረበት። በ1970 የስዊድንና የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች አጠገቡ የምርምር ተቋም ከፈቱ። ስሙን በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ፣ ከአርማወር ሐንሰን ወሰደ። በአንድ ግቢ ሕክምና፣ ሥልጠና፣ ምርምር፣ የጫማና የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ ተገናኙ። በአፍሪካ ደረጃ ትልቅ ነገር ነው። ይህንን ማቃለል አልፈልግም።

ግን አንድ ነገር አብሮ መጣ። ሕሙማኑ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ መጡ። ያኔ የነበረው መድኃኒት ዳፕሶን ነው፤ ለዓመታት፣ ለብዙዎችም ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ወደ አገር ቤት የተመለሰው ደግሞ ቤተሰቡ ሳህኑን ለይቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሰው ቀረ። ጎጆ ቀለሰ። ተጋባ፣ ወለደ። ሰፈሩ በአንድ በኩል ወደ ቆሬ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወደ ቆሼ ተዘረጋ። በመጋቢት 2017 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበት ቆሼ ማለቴ ነው። ከዘነበወርቅ ሩቅ አይደለም። ከሆስፒታል የማይርቅ ሰው ሌላ መሬት አይመርጥም።

ጀበናው

ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም። ይህን ብዙ የተማረ ሰው እንኳ አያውቀውም። ባክቴሪያው የሚወደው ቆዳንና ነርቭን ነው። በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣት ይታጠፋሉ። በጉልበት ጎን የሚያልፈው ሲጎዳ እግር ወደ ላይ መነሣት ያቅተዋል፤ እየተጎተተ ይሄዳል። የፊቱ ሲጎዳ ዓይን አይከደንም፤ አቧራና ደረቅ ነፋስ ቀስ በቀስ ያሳውረዋል።

ከሁሉ የከፋው መደንዘዙ ነው። እማማ ቡና ሲያፈሉ ላሳያችሁ። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ ያነሣሉ። እኔ ብሆን በጨርቅ እንኳ ይዤ እጮኻለሁ። እሳቸው ጀበናውን እንደያዙ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ ሲኒዎቹን ይቆጥራሉ፤ «ዘንድሮ ቡና ተወደደ» ይላሉ። ማታ ላይ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል። ሕመም የሚባለው ዘበኛ ከሥራ ወጥቷል። ቃጠሎው ቁስል ይሆናል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ኢንፌክሽኑ አጥንት ይደርሳል፣ አጥንቱ ያልቃል። ጣት የሚያጥረው እንዲህ ነው። እግርም እንዲሁ ነው፤ ሳይታወቅ የሚረገጠው ምስማር ከበሽታው ብዙ ዓመት ቆይቶ ይመጣል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ጊዜ ነው። በ1988 አለርት አንድ የመስክ ጥናት ጀመረ። ወደ 600 የሚጠጉ አዲስ ሕሙማንን እስከ 10 ዓመት ተከታተለ። ውጤቱን ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ከ594 ሰዎች ከግማሽ በላይ፣ 55 በመቶው፣ ሕክምና ለመጀመር ሲመጡ ቀድሞውኑ አንድ ዓይነት የነርቭ ጉዳት ነበረባቸው። ሌሎች 73 ሰዎች መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ተጎዱ። ምልክቱ በታየ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጡት 36 በመቶው ጉዳት ነበረባቸው። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆዩት 81 በመቶው።

ከ36 ወደ 81። በመሀል ያለው በሽታው ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ነው። መጀመሪያ ቆዳ ላይ የሚወጣው ደብዛዛ ምልክት አያምም፣ አያሳክክም፤ ሰው ይተወዋል። በኋላ ጠበል ይሞከራል። «በዘራችን የለም» ይባላል፤ በዘር የሚመጣ ስለሚመስለን። የሚያገባ ልጅ ካለ ይደበቃል። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ደግሞ ቅባት ተሰጥቶ ይመለሳል። ቆዳውን በእስክርቢቶ ጫፍ ነካ አድርጎ «ይሰማሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ካልተገኘ ሁለት ዓመት እንደዋዛ ያልፋል። መሣሪያው እኮ እስክርቢቶ ነው! ጉዳቱ ገና ትኩስ ሳለ ፕሬድኒሶሎን (የነርቩን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) የተጀመረላቸው ነርቮች 88 በመቶው ሙሉ በሙሉ አገግመዋል። የቆየና የሚመላለስ ጉዳት ላይ ግን ያገገሙት 51 በመቶ ብቻ ናቸው።

ከመዝገብ መውጣት

በ1983 ኢትዮጵያ ውስጥ ጥምር መድኃኒቱ ገባ። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በአንድ ላይ። የዕድሜ ልኩ ክኒን በሁለት ዓመት ተተካ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከበድ ላለው ዓይነት እንኳ 12 ወር ብቻ ሆነ። መድኃኒቱ በነፃ ነው። ከጥቂት ጊዜ መዋጥ በኋላ ሰውየው ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህ ተአምር ነው ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ1991 አንድ ግብ አስቀመጠ፤ እስከ 2000 ድረስ ከ10,000 ሰው መካከል ታካሚው ከ1 በታች ይሁን። ኢትዮጵያ በ1999 በአገር ደረጃ ደረሰችበት። ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ የሚቆጥረው ማንን እንደሆነ እንይ። መድኃኒት ላይ ያለውን ነው። መድኃኒቱን የጨረሰ ከመዝገብ ይወጣል። መዋጫው ሲያጥር መዝገቡም ያጥራል። የእማማ ስም የተሰረዘው «ድነዋል» ተብሎ ነው፤ እውነትም ድነዋል። እግራቸው ግን የትም መዝገብ ላይ የለም። አዲስ ታማሚም አልጠፋም፤ በ2010ዎቹ እንኳ በየዓመቱ ከ3,000 በላይ ሰው ይመዘገብ ነበር።

እኔ ክርክሬ እዚህ ጋ ነው። የሥጋ ደዌ ጉዳይ የመድኃኒት ጉዳይ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። የቀረው የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው። አገልግሎታችን ግን አሁንም በባክቴሪያው ነው የሚያስበው። ባክቴሪያው ሲሞት ፋይሉ ይዘጋል።

በ1994 የሥጋ ደዌና የቲቢ ፕሮግራሞች ተዋሐዱ፤ ቀጥሎም ሕክምናው ወደ ተራው ጤና ጣቢያ ገባ። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ለብቻ የሆነ ግቢ መገለልን ያጸናል፤ ሰው በሰፈሩ ይታከም። ችግሩ ክኒኑ ሲሄድ ዕውቀቱ እኩል አልሄደም። በዓመት አንድ ታማሚ የሚያይ ጤና ጣቢያ ነርስ እጁ አይፍታታም። ዓይኑ የማይከደን፣ እግሩ የሚጎተት፣ መዳፉ የሚላጥ ሰው ሲመጣ የሚያውቀው አንድ መልስ ነው፤ አለርት። ለወሊድም አለርት። ለጥርስም አለርት። አለርትም ራሱ ዛሬ ሌላ ነው። ቆዳውን፣ ዓይኑን፣ ቀዶ ሕክምናውን የሚፈልግ ሁሉ የሚሰለፍበት ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል፤ ከተማው ሁሉ ይመጣበታል። ጤነኛው ወደ አለርት ገባ፣ የአለርት ሰዎች ግን ወደ ሌላው ሆስፒታል አልወጡም። ይህን ሳስበው እስቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 1.3 ቢሊዮን ሰው ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበትና አንዳንዶቹ ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ይናገራል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚሄዱበት ሕክምና መጥፎ መሆኑ ነው። የዚያች ልጅ ለስላሳ ድምፅ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ይግባ አይግባ እንጃ። እኔ አስገብቼዋለሁ።

ሳፋ፣ ድንጋይ፣ ቅባት

በ1990ዎቹ አለርት የመስክ ክሊኒኮቹ ላይ ጨርቅና ፋሻ ያድል ነበር። ሰው ቁስሉን ይዞ ይመጣል፣ ይጠቀለልለታል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቁስሉም ሰውየውም አይድኑም። ፋሻውም እያጠረ መጣ። በ1995 ሌላ ነገር ተጀመረ፤ በየሰፈሩ ራስን የመንከባከብ ቡድን። በአራት ዓመት ውስጥ ከ70 በላይ ሆኑ። ፋሻ የለም። ያለው ሳፋ፣ ድንጋይና ቅባት ነው።

እማማ አሁንም ያደርጉታል። ሁሌ ማታ ነው። ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል። ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ቢያቃጥላቸው አያውቁትማ። እግራቸውን 20 ደቂቃ ይነክራሉ። ከዚያ ሻካራ ድንጋይ ይይዛሉ፣ በሁለት መዳፋቸው እንደ መታወቂያው አጣብቀው። የደደረውን የተረከዝ ቆዳ ይፍቁታል። ካልፈቁት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ቁስል ይሆናል። ሳያደርቁት ቫዝሊን ይቀባሉ፤ ውሃውን ይዞ እንዲቆይ። በመጨረሻ አራት ማዕዘን መስታወት ያወጣሉ። እግራቸውን ገልበጥ አድርገው ከሥር ያያሉ። ዓይን የነርቭን ሥራ ይሠራል። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለሰው ሥራ ፈት ይመስላሉ። ከዚህ የበለጠ ሥራ አላየሁም።

የቡድኖቹ ትልቁ ውጤት ቁስል መቀነሱ ብቻ አይደለም። ሰዎቹ መሰብሰብ ጀመሩ። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበርም በ1996 ተመሠረተ። ከመታከም ወደ መጠየቅ የተሻገሩት ያኔ ይመስለኛል።

የጫማው ነገር ደግሞ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለደነዘዘ እግር የሚሠራ ጫማ ውስጡ ለስላሳ ጎማ ነው፤ ምስማር የለበትም። ያድናል። ግን ከሩቅ ይታወቃል። «የአለርት ጫማ» ተጫምቶ ሠርግ መሄድ ማለት ታሪክህን በእግርህ መናገር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ያስቀምጠውና ለአደባባይ ቀጭኗን የገበያ ጫማ ያደርጋል። አለርት ይህን አይቶ የተለመደ ሸራ ጫማ ውስጥ ለስላሳውን ጎማ አስገብቶ በገጠር ሞከረው። ዋጋውም ቀነሰ፣ ሰውም ተጫማው። ብልህ ሰው ያሰበው ነገር ነው። መድኃኒት ያልሆነውን የመድኃኒት ግማሽ ያሰበ ሰው።

ሕጉ ስለ ምን ያወራል

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 591 ላይ ጋብቻን በስሕተት ምክንያት ለማፍረስ የሚያበቁ ነገሮችን ሲዘረዝር ሥጋ ደዌን በስሙ ይጠራል። ሚስት ወይም ባል ሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳላውቅ አገባሁ ማለት ይበቃ ነበር። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ስም አውጥቶ «የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ» በሚል ተካው። ሥጋ ደዌ ደግሞ ይድናል፣ በዘርም አይተላለፍም። እንግዲህ በወረቀት ላይ ነፃ ወጥተዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያ ይመድባል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ (እንደ አውሮፓውያን) በ2010 በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው መገለል እንዲቆም መርሖዎችን አጽድቋል፤ አዋራጅ ስሞች እንዲቀሩም ይጠይቃል። ተረቱ ግን ሕግ አያነብም።

ሌላም ነገር አለ፤ ማንም ስለማያነሣው ላንሣው። ቢሮዎቻችን አሻራ ይወዳሉ። ባንክ፣ ቀበሌ፣ መታወቂያ። «ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ።» ጣት የሌለው ሰው ምን ያሳርፍ? እማማ አንድ ቀን ሲጠየቁ የክርናቸውን ጫፍ አስጠግተው ሳቁ። አብረናቸው ሳቅን። አሻራ ተቀባዩ ልጅ አልሳቀም፤ ሌላ መንገድ እንዳለ አያውቅማ። አለቃውን ጠራ። አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። ከሰዓት ሆነ።

ያች የካርድ ክፍል ልጅ ምን ቢደረግላት ካርዱን ታወጣ ነበር ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አንድ ሰዓት ሥልጠና ይመስለኛል። ከሥልጠናውም ይልቅ እማማን አስቀምጦ «ጠይቂያቸው» ማለት። እማማ ለማስረዳት አይሰለቹም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው የማይቀመጥ ሰው ሲያጋጥማቸው እንኳ «አይዞህ፣ አለቀ እሱ፤ አሁን ያለው ግፊት ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ይስቅና ይቀመጣል።

ባለፈው የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ በባዶ እግር እንዳይሄዱ አስጠንቅቃቸዋለች። እሳቸው ግን ከደጀ ሰላሙ ጀምረው ነው የሚያወልቁት። «ከእሱ ቤት በጫማ?» ይላሉ። ተደራድረን ሁለት ካልሲ ደርበው ገቡ። ግቢው ጠጠር ነው። ቅዳሴው አለቀ፣ ጠበል ጠጥተን፣ ዳቦ ተቃምሰን ተመለስን። ማታ ሳፋው ቀረበ። ካልሲውን ሳወልቅላቸው የውስጠኛው ከተረከዛቸው ጋር ተጣብቋል። መስታወቱን ዘወር አደረጉት። አንድ የጥፍር ቁራጭ የምታክል የጠርሙስ ስባሪ ነበረች።

«እንኳን አየናት» አሉና ወርንጦ እንዳመጣ ላኩኝ።